ነጭ ይሁን አልኩት

ለዚህ መጽሐፍ ጻፍ ያሉኝ ስለ ጉዞው ነበር። ስለ ጉዞው ብዙ ሰው ጽፏል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አሳምረው ጽፈዋል። እኔ ግን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። እኔና የልጄ ልጅ በእጃችን ቀለም ስለቀባነው ላንድሮቨር። ጉዞው ከፈለገ ራሱ ይገባበታል።

እናንተ እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆች፣ አማርኛዬን ታገሡኝ። እኔ የተማርኩት ከቄስ እግር ሥር፣ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ካለች ዛፍ ጥላ ነው። ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ደገምኩ፣ ኦሪትን በግዕዝ አነበብኩ። ከዚያ ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ዕብራይስጥ የለመድኩት በ35 ዓመቴ ነው፤ እሱንም ሚፍዓል ውስጥ በብረት ጩኸት መሃል ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው።

የተወለድኩት ወገራ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄደው መንገድ ከሩቅ በሚታይበት መንደር። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ይሠራል። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ወናፍ እየነፋሁ፣ ከዚያ ወደ ቄሱ ሮጬ እየሄድኩ አደግሁ። ቄሱ እጄን አይተው «ጥቀርሻህን ታጠብና መጽሐፉን ያዝ» ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ።

የልጅ ልጄ ከሠራዊት እንደወጣ ጓደኞቹ ሁሉ ወደ ሕንድና ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። እሱ ባጠራቀማት ገንዘብ መኪና ገዛ። የ1979 ላንድሮቨር፣ ሴሪየስ 3 የሚሉት። በላኪሽ በኩል ካለ አንድ ሞሻቭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር 11 ዓመት ቆሞ ነበር። ወንበሩ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ጣሪያው በወፍ ኩስ ተሸፍኗል። ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ከፍለህ ነው ያመጣኸው ወይስ ከፍለውህ ነው?» አለችው።

ሞተሩን ከአንድ መካኒክ ጓደኛው ጋር አስነሳው። ስለ ሞተር እኔ ስለማላውቅ እሱን እለፈዋለሁ። ቀለሙን ግን አንድ ጋራዥ ወስዶ ቢጠይቅ፣ የነገሩት ዋጋ መኪናው ከተገዛበት የሚበልጥ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የመጣው።

«አባባ፣ አንተ ቀለም ቀቢ ነበርክ አይደል?»

«አንተ» ነው የሚለኝ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ እኔም መቆጣቱን ከተውኩ ቆየሁ።

አዎ፣ ቀቢ ነበርኩ። ቅርያት ጋት ውስጥ የብረት በርና መስኮት በሚሠራ ሚፍዓል 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ብረቱ እንዳይዝግ ሚኒዩም መቀባት ነበር። ሚኒዩም ቀይ ቡኒ ቀለም ነው፣ ከሥር ይቀባል፤ ከላይ ሰው የሚያየውን ቀለም ሌላ ሠራተኛ ይቀባዋል። እንዲህ ሆኖ 19 ዓመት ሙሉ የማይታይ ቀለም ቀባሁ። ስለዚህ የልጅ ልጄ ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ የላዩን ልቀባ ነው አልኩ።

ጠቡ የመጣው ስለ ቀለሙ ነው።

«ብርቱካናማ» አለኝ። «ከሩቅ የሚታይ። በበረሃ ውስጥ የሚያበራ።»

«ነጭ ይሁን» አልኩት።

«ነጭማ የሁሉም ሰው መኪና ነው!»

«ስለዚህ ነው ነጭ ይሁን የምልህ።»

ምክንያት ደረደርኩለት። ነጭ ፀሐይ አይስብም፤ ነጌቭ ውስጥ ያለ ማዝጋን የምትነዳው መኪና ነጭ ካልሆነ ዳቦ ትሆናለህ አልኩት። ነጭ ርካሽ ነው። ነጭ ቢጫር ቶሎ ይገጠማል። ልሽጥ ብትል ገዢ ታገኛለህ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ከመካከላቸው አልነበረበትም። እሱም ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ዝም ብሎ አየኝና «መጀመሪያ እንፈቅፍቀው፣ ቀለሙን በኋላ እንወስናለን» አለ።

ልጆች፣ ቀለም መቀባት ማለት ዘጠኝ እጁ መፈቅፈቅ ነው። ቀለሙ ያለ በደንብ የተዘጋጀ ገላ አይዝም። ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ ሰንበት ሳይገባ እስከ ቀትር ድረስ እንሠራ ነበር። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 240 በውሃ እየነከርን፣ በእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልለን። ከዚያ ቁጥር 400። ክብ ክብ እያደረጉ ሳይሆን ቀጥ ባለ መስመር። የልጅ ልጄ ጫፍ ጫፉን እየዘለለ ሲያልፍ እጄን በእርጥቡ ላይ አሳልፌ እመልሰዋለሁ። ዓይን ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም። አባቴ የማጭድ ስለት የሚሞክረው ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ነበር።

የላንድሮቨር ገላ አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ይህን ከልጅ ልጄ ነው የተማርኩት። ፋብሪካው በ1948 ይህን መኪና ማውጣት ሲጀምር እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ነበርና በአሉሚኒየም ሠሩት። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ አረንጓዴ የነበሩትም ከጦርነቱ የተረፈ የወታደር ቀለም ስለነበረ ነው አለኝ። «ከመንግሥታችን ጋር እኩያ ነው» ብዬ ሳቅሁ። አሉሚኒየም አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውም ብረት ነው፤ እሱ ዝጎ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አውጥቶ ነበር። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን ሚኒዩም ቀባነው። አሉሚኒየሙን ግን ሚኒዩም አይስማማውም፤ ለእሱ ገላውን ነከስ አድርጎ የሚይዝ የራሱ ፕራይመር አለው። ይህን ሳያውቅ የሚቀባ ሰው በዓመቱ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሳ ያየዋል።

ስንፈቅፍቅ የድሮው ቀለም በተራ በተራ ወጣ። ከላይ የነጣ ክሬም። ከሥሩ የአሸዋ ቀለም። ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ። ከዚያ የሚያበራው ራሱ ገላው። ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንደነዳው በዚያ ቆጠርን።

ሦስተኛው ዓርብ ላይ ይመስለኛል። እሱ በግራ በር፣ እኔ በቀኝ በር ነበርን። ፊት ለፊት አንተያይም። ከመኪናው ማዶ ሆኖ ጠየቀኝ።

«አባባ፣ ነጭ ያልከው ፖሊስ እንዳያየኝ ነው አይደል?»

እጄ ቆመ። ምን ልበል?

የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ብስክሌት እየነዳ ሲመጣ አስቁመውት ነበር። «ይህ ብስክሌት የማን ነው?» አሉት። «የእኔ ነው» አለ። ደረሰኙን አምጣ አሉት። ማነው ደረሰኝ ይዞ ብስክሌት የሚነዳ? ግማሽ ሰዓት መንገድ ዳር አቁመው፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ እያዩ፣ ቦርሳውን አስፈቱት። ይህን ለእኛ ሳይነግረን ሁለት ዓመት ቆየ። የሰማነው ከእህቱ ነው። እኔም መስማቴን ሳልነግረው ቆየሁ። በ2015 እና በ2019 ልጆቻችን በየአደባባዩ ሲጮኹ፣ መንገድ ሲዘጉ፣ እኔ በቴሌቪዥን እያየሁ «ዝም ቢሉ ይሻላል» እል ነበር። እውነቴን ነው፣ እንዲህ እል ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«አዎ» አልኩት። «ስለዚህ ነው። ብርቱካናማ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ልጅ፣ በየመስቀለኛው ያቆሙታል። ነጭ ውስጥ ከሆንክ ያልፉሃል።»

«እኔ ግን መደበቅ አልፈልግም።»

«መደበቅ'ኮ ነው ያደረሰን» አልኩት።

እዚህ ላይ ነው ጉዞው ራሱ የገባበት።

ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ በሚባለው ካምፕ ሰባት ወር ተቀምጠናል። ማን እንደሆንን መናገር አይቻልም ነበር። ከሌላው ስደተኛ ጋር አንድ ሆነን፣ አንድ መስለን ነው የተቀመጥነው። ሰንበት ሲመጣ ቤት ብንውል ይጠረጥሩናል ብለን እንደ ሌላው ሰው ውሃ ቀዳን። እኔ ዳዊቴን የደገምኩት በሆዴ ነው፤ ከንፈሬ እንዳይንቀሳቀስ ጥርሴን ነክሼ። ሁለተኛ ልጃችን የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ኩፍኝ ያዛት። በሦስተኛው ሌሊት ሞተች። ሌሊቱን ቀበርናት። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው ያለቀሰችው። በአገራችን ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ይለያል፣ ከዚያ ታጥቦ ይነጻል። እኛ በማግሥቱ ራሽን ለመቀበል ተሰለፍን። ካልተሰለፍን ይጠይቁናላ። ሰዎች በመንገድና በካምፕ የሞቱብን ወደ 4,000 ይሆናሉ ይላሉ። እኔ የቆጠርኩት አንድ ነው።

በ1984 መጨረሻ በሌሊት አውቶቡስ ጭነው፣ መጋረጃውን ዘግተው ወደ ካርቱም አየር ማረፊያ ወሰዱን። «ድምፅ አታሰሙ» ነበር የተባልነው። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ድምፅ ሳላሰማ ቆይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት፣ እየፈቀፈቅሁ። ፊቱን እያየሁ ቢሆን አልናገረውም ነበር። ልጄ፣ አባቱ ማለቴ ነው፣ ይህን ከእኔ አልሰማም። ሥራ ሳይኖር፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይህ አይነገርም።

ዝም አለ። የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅም ጠፋ። ከዚያ «ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት። እሱም ደገመው። በዕብራይስጥ አፉ ትንሽ አጣሞ፣ ግን ጮክ ብሎ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስሟ በእኛ ደጃፍ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

ቆይቶ «አባባ፣ አሁን ሱዳን አይደለንም» አለኝ።

«አይደለንም። ፖሊሱ ግን አለ» አልኩት።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። ስለዚህ ጠቡ በዚያ አላለቀም። ሰንበትም ደርሶ ነበርና ዕቃችንን ሰብስበን ገባን።

ያን ሰንበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትዝ ያለኝ የአባቴ ነገር ነው።

በእኛ አቆጣጠር 1954 ዓ.ም. ገደማ፣ የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር መንደራችን አጠገብ ባሌስትራው ተሰበረ። በሕይወቴ በቅርብ ያየሁት የመጀመሪያው መኪና እሱ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር፤ ክረምት ሲወጣ በመስከረም እንደምታዩት ሰማይ። ሾፌሩ ጠይቆ ጠይቆ ወደ አባቴ መጣ፤ ሌላ ብረት የሚያውቅ ሰው የለማ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ከሰል አንድዶ፣ የተሰበረውን በብረት ማቀፊያ አሰረለት። ከጎንደር ድረስ የሚያደርስ ሥራ ሠራለት። በዚህ መሃል እኔ ተጠግቼ መዳፌን በሩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ውሃ ልስልስ ያለ። ሾፌሩ አየኝና «እጅህን አንሳ! በዓይንህ ልትበላው ነው?» ብሎ ጮኸ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ሲያይ ይበላል ይሉን እንደነበር ሰምታችኋል። እናቴ በአዲስ ሸክላ ውሃ አቀረበችለት። አልጠጣም። ገንዘቡንም መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

አባቴ ምንም አልተናገረም። ገንዘቡን አንስቶ ወደ ወንዝ ወረደና ሙሉ ሰውነቱን ታጠበ፣ ልብሱንም አጠበ። ባዕድ ነክቷላ፤ የእኛም ሥርዓት «አትንኩኝ» ነበር። እሱ ከእኛ ሸሸ፣ እኛም ከእሱ ታጠብን። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ያልተናቀ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ያስቀየመኝ ስድቡ አልነበረም። ያ ሰማያዊ ከመዳፌ ስለተነጠቀ ነው የከፋኝ።

ሌላም ነገር አሰብኩ። በመጽሐፈ ዘኍልቁ ምዕራፍ 4 እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ንዋየ ቅድሳቱ እንዴት እንደሚጠቀለል ተጽፏል። እዚህ በምኵራብ በየዓመቱ ሲነበብ እሰማዋለሁ። የኅብስቱ ገበታ፣ መቅረዙ፣ መሠዊያው፣ ሁሉም ግምጃቸው ከውስጥ ነው፤ ከላይ የሚለብሱት ቁርበት ነው። ታቦቱ ብቻ ተገልብጦ ነው፤ ቁርበቱ ከውስጥ፣ ሁለንተናው ሰማያዊ የሆነው ልብስ ከላይ። በጉዞ ላይ አቧራም ፀሐይም ጠላትም አለ። እንደ እኔ ሐሳብ ቢሆን ከሁሉ የከበረው ነበር ከሁሉ በታች የሚደበቀው። ኦሪት ግን ከሩቅ እንዲታይ አደረገችው። ስንት ዓመት ሰምቼው ይህን ጥያቄ ለራሴ አልጠየቅሁም።

እሑድ ጠዋት ለልጅ ልጄ ደወልኩለት። «ብርቱካናማ አይሆንም» አልኩት። «ነጭም ይቅር። ሰማያዊ እንቀባው፤ ለምን እንደሆነ ስትመጣ እነግርሃለሁ።» የሾፌሩን ታሪክ ሲሰማ ብዙ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «እሺ፣ ግን ሰማያዊው የትኛው ነው?» አለኝ።

እሱ ነው ከባዱ። የቀለም ሱቁ ካርድ ላይ ከ30 በላይ ሰማያዊ አለ። አንዱ የሆስፒታል ግድግዳ ይመስላል፣ አንዱ የትምህርት ቤት ሸሚዝ። ምክሬ ይህ ነው፤ ከካርድ ላይ ቀለም አትምረጡ። በትንሽ በትንሽ ጣሳ አራቱን ገዝተን የቆርቆሮ ክዳን ላይ ቀባንና ደጅ አወጣነው። ቀለም እርጥብ ሲሆንና ሲደርቅ አንድ አይደለም። በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት አየነው። በቀትር ሦስቱ ነጡና ጠፉ። አራተኛው ብቻ ቀረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ መንደሩን አሰብኩና ገለጥኩ። «እሱ ነው» አልኩ። ጣሪያውን ግን ለፀሐዩ ብለን ነጭ አደረግነው። የድሮ ላንድሮቨሮችም ብዙዎቹ ጣሪያቸው ነጭ ነበር አለኝ። የእኔም ነጭ በዚያ ገባ።

ሥራው እንዲህ ነው። ገላውን በቲነር በተነከረ ጨርቅ ትጠርጋላችሁ፣ ከዚያ በእጃችሁ አትነኩትም፤ የጣት ቅባት ቀለም ያስለቅቃል። መስታወቱንና ጎማውን በወረቀት ፕላስተር ትሸፍናላችሁ። ለ1 ሊትር ቀለም 100 ሚሊ ሊትር ያህል ቲነር። በስፖንጅ ሮለር ስስ አድርጎ መዘርጋት፣ ወዲያው ከኋላ ሌላ ሰው ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ ሳይጫን፣ ከላይ ወደ ታች አንዴ ብቻ ማሳለፍ። ተመልሶ መነካካት የለም። እሱ ሮለር፣ እኔ ብሩሽ ያዝን። አንድ ቀን ሙሉ እንዲደርቅ ትተን፣ በስሱ ፈቅፍቀን፣ እንደገና። ሦስት ጊዜ።

ሁለተኛው ንብር ላይ ኻምሲን ተነሳ። እያየነው ሰማዩ ቢጫ ሆነ፣ አቧራው በእርጥቡ ቀለም ላይ እንደ በርበሬ ተነሰነሰ። የልጅ ልጄ ብሩሹን ወረወረ። እኔ «ሲደርቅ እንፈቅፍቀዋለን፣ ሌላ ምን አለ?» አልኩት። ፈቀፈቅነው። በኋላም የቀኝ በር ላይ እኔ ቀለም አብዝቼ እንደ እንባ ወረደ። እንዳስተካክለው ስል «ተወው አባባ፣ ይሄ ያንተ ነው» አለ። ዛሬም አለ።

ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር ነው። ከቅርብ የብሩሹ መስመር ይታያል። የጋራዥ ሥራ አይደለም፣ የእጅ ሥራ ነው።

የመኪናው ፈቃድ ላይ ቀለሙ ስለሚጻፍ ሄዶ አስለወጠው። አሁን ወረቀቱ «ሰማያዊ» ይላል።

ፖሊሱስ? እንዳልዋሻችሁ። እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ አስቁመውታል። አንዱ ወጣት ፖሊስ ነው፤ በሩን ዳበስ አድርጎ «ማነው የቀባው?» አለው። «አያቴ» አለ። «ጥሩ አድርጎ ቀብቷል» ብሎ ለቀቀው። ሁለተኛው ግን ዕቃውን ሁሉ አስወርዶ፣ ወንበሩን አስነስቶ ፈተሸው። ምንም አላገኘም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። ነጭ ቢሆን ኖሮ ያ ሁለተኛው ያልፈው ነበር ወይ? አላውቅም። በዚያ ማታ የልጅ ልጄ ቤታችን መጥቶ የሆነውን ሁሉ ነገረን፤ እንደ ብስክሌቱ ጊዜ ሁለት ዓመት አልቆየም። እኔም «ዝም ቢሉ ይሻላል» አላልኩም።

ባለፈው ሲግድ በዚያ መኪና ኢየሩሳሌም ወሰደን። ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ባለቤቴ በመስኮቱ እጇን ታወዛውዝ ነበር። ስንወርድ እኔ መዳፌን በሩ ላይ አሳረፍኩ። ማንም እጅህን አንሳ አላለኝም።

ልጆቼ፣ ከአያቶቻችሁ ታሪክ ስትፈልጉ ማይክሮፎን አትደቅኑብን፣ እንፈራለን። ሥራ ስጡን። ቡና ይቆላ፣ ሽሮ ይነፋ፣ አጥር ይቀባ። እጃችን ሲይዝ አፋችን ይፈታል። የሞቱብንንም ስም ጠይቁን፤ እኛ ራሳችን አንነግራችሁም።

እግዚአብሔር በሄዳችሁበት ይጠብቃችሁ። በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ።